አሮጌ ካሜራና ጊዜው ያለፈበት ፊልም፦ በቤት የተሠራ መለዋወጫ እስከ ምን ድረስ ያገለግላል?

በአውሮፓና በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች፣ በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላ ብቻ የሚሠሩ የፊልም ካሜራዎች ዛሬም ይሸጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ከካሜራው ጋር ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የአገልግሎት ጊዜው ግን ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በፊት ያበቃ ፊልም ይገኛል። የጎደለውን ክፍል በቤት ሠርቶ በሁለቱ ምስል ማንሣት ይቻላል? ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ይሁን እንጂ የትኛው እርጅና ሊካካስ እንደሚችል፣ የትኛው የካሜራ ክፍልም በቤት መሠራት እንደሌለበት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልምን እንመልከት። ኮዳክ ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1923 ያቀረበው ለአማተር ፊልም አንሺዎች ነበር። በ1935 የወጣው የስዊዘርላንዱ ቦሌክስ ኤች 16 ካሜራ 30 ሜትር ያህል ፊልም ይይዛል፤ ይህም 4,000 ምስሎች ማለት ነው። በሴኮንድ 24 ምስሎች ሲነሡ ጥቅልሉ በ2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ያልቃል። ስለዚህ ለስሕተት የሚተርፍ ፊልም የለም።

ፊልም ሲያረጅ ምን ይደርስበታል?

የፊልሙ ገጽ በጄላቲን ውስጥ በተበተኑ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች የተሸፈነ ነው። ብርሃን የነካው ቅንጣት ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ያልነካው ይወገዳል። በዓመታት ብዛት ግን ሙቀትና በአካባቢያችን ያለው ተፈጥሯዊ ጨረር፣ ብርሃን ያላገኛቸውን ቅንጣቶች ብርሃን እንዳገኙ ያደርጓቸዋል። ውጤቱ ፊልሙን በሙሉ የሚሸፍን ጭጋግ ነው። ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃትም ይቀንሳል። በቀለም ፊልም ላይ ደግሞ የቀለም ንብርብሮቹ እኩል ስለማያረጁ የምስሉ ቀለም ይዛባል።

አንሺዎች የሚከተሉት የልምድ ሕግ፣ ላለፈው ለእያንዳንዱ 10 ዓመት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያለፈበት ፊልም 8 እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል። ይህ መነሻ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ተጨማሪው ብርሃን ምስሉን ከጭጋጉ በላይ ያጎላዋል እንጂ ጭጋጉን አያጠፋውም።

እዚህ ላይ የፊልም ካሜራ ከፎቶ ካሜራ ይለያል። መዝጊያው ግማሽ ክብ የሆነ ካሜራ በሴኮንድ 24 ምስሎች ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኘው ለ1/48 ሴኮንድ ብቻ ነው። የሌንሱ መክፈቻና የፀሐዩ ብርሃን ካልበቁ የቀረው መንገድ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። በሴኮንድ 12 ምስሎች ቢነሡ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ በእጥፍ ፍጥነት ሲራመዱ ይታያሉ።

ከሁሉ በፊት መለካት

ያረጀ ፊልም ይኮማተራል። በዳሩ ካሉት ቀዳዳዎች ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 7.62 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ካሜራው ላይ ሲገጠም ለብርሃን በሚጋለጠው የመጀመሪያ ጫፍ ላይ 100 ርቀቶችን ቆጥሮ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። አዲስ ፊልም 762 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ውጤቱ 754 ከሆነ ፊልሙ 1 በመቶ ገደማ ተኮማትሯል፤ በካሜራው ጥርሶች ላይ ሊቀደድ ይችላል። እንደ አቼቶ የሚሸት ፊልምም አሲቴት የተባለው መደቡ መበስበስ ስለ ጀመረ ለካሜራ አይበጅም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ግን እጅግ ተቀጣጣይ ናይትሬት ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይተው።

በቤት የሚሠራውና የማይሠራው

ተራ የስሪ-ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክን የሚደርበው 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር በሆኑ ንብርብሮች ነው። ለፊልም ማጠንጠኛ ይህ ይበቃል፤ ማጠንጠኛው ብርሃን የማያሳልፍ፣ ጠርዙም ለስላሳ መሆን አለበት። የባትሪ ማስተካከያ ቀለበትም እንዲሁ በቤት ይሠራል። የብዙ አሮጌ ካሜራዎች ብርሃን መለኪያ የሚሠራው በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ለጆሮ መስሚያ የሚያገለግለው የ1.4 ቮልት ገደማ የዚንክ-አየር ባትሪ ግን በቀለበቱ ተስተካክሎ ይተካዋል።

ፊልሙን የሚጎትተው ጥፍርና ፊልሙ ከሌንሱ ፊት የሚያርፍበት በር ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በቦሌክስና በመሰል ካሜራዎች ላይ ከሌንሱ ማረፊያ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 17.526 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ስሕተት ምስሉን ያደበዝዛል። የ1 በመቶ መኮማተር እንኳ በአንድ ቀዳዳ ሲሰላ 0.076 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከፕሪንተሩ አንድ ንብርብር ይቀጥናል። እነዚህ ክፍሎች ከሌላ ተመሳሳይ ካሜራ ይፈለጉ።

ዛሬ የሚመረተው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በአብዛኛው ቀዳዳ ያለው በአንድ ዳር ብቻ ሲሆን፣ ጥንታዊዎቹ ካሜራዎች በሁለቱም ዳር ጥርስ አላቸው። ባለ ሁለት ዳር ቀዳዳ ያረጀ ፊልም የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትርፍ ጥርሶቹን በሞረድ መቁረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን የተቆረጠ ጥርስ ስለማይመለስ የመጀመሪያውን ክፍል አስቀምጦ በተጨማሪ ክፍል ላይ መሥራት ይሻላል።

አንድ ሜትር ለሙከራ

ሙሉውን ጥቅልል ከመጠቀም በፊት 1 ሜትር ፊልም፣ ማለትም 131 ምስሎች ገደማ፣ ለሙከራ መመደብ ይገባል። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በእጥፍ፣ በአራት እጥፍና በስምንት እጥፍ ብርሃን ይነሣ፤ ጥቂቱም ሳይነሣ ይተው። ያልተነሣው ክፍል የጭጋጉን መጠን ያሳያል።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠብ የሚፈልግ ሰው በቡናም ሊጠቀም ይችላል። በ1995 በአሜሪካ የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዶክተር ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቻቸው በሙቅ ውኃ የሚሟሟ ቡናና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ምስል እንደሚያወጡ አሳይተዋል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ የብር ጨውን ወደ ብር ይለውጣል። ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ኃይሉ ይጎለብታል። ምስሉ እንዲጸና ግን ፊክሰር የግድ ነው። የኮዳክሮም ፊልም የቀለም እጥበት በ2010 መጨረሻ ስለ ቆመ፣ ዛሬ የሚታጠበው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ በካሜራው ውስጥ የተገኘ ወይም ማሸጊያው የተከፈተ ጥቅልል ከዚህ በፊት ተነሥቶበት ሳይታጠብ የቀረ ሊሆን ይችላል። ከአያት ወይም ከወላጅ የተወረሰ ካሜራ ከሆነ፣ ዳግም የማይገኝ የቤተሰብ ሠርግ ወይም የልጅነት ምስል ተደብቆበት ይሆናል። በላዩ ላይ ዳግመኛ ማንሣት ሁለቱንም ምስሎች ያበላሻል። እንዲህ ያለው ጥቅልል በጨለማ ወጥቶ፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ፣ ያረጀ ፊልም ለሚያጥብ ቤተ ሙከራ ይላክ። ለሙከራ የሚሆነው ማሸጊያው ያልተከፈተው ብቻ ነው።