አውራ ጣቱን የያዘችው ልጅ

ባለፈው ትምህርታችን ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕር ላይ መስጠም በጀመረ ጊዜ ጌታችን እጁን ዘርግቶ እንደያዘው ተምረን ነበር (ማቴ. 14)። ዛሬ ደግሞ በውኃ ላይ የሆነ አንድ እውነተኛ ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ሐምሌ 2 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቦታው በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ የሚገኘው የናያግራ ወንዝ ነው። የናያግራን ፏፏቴ በሥዕል አይታችሁት ይሆናል። ትልቁ ክፍል ከ50 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከእኛው ከጢስ ዓባይ ከፍ ይላል ማለት ነው።

በዚያ ቀን የ7 ዓመቱ ሮጀርና የ17 ዓመቷ እኅቱ ከአባታቸው ወዳጅ ጋር ከፏፏቴው በላይ ባለው ወንዝ በትንሽ ጀልባ ይንሸራሸሩ ነበር። ድንገት ሞተሩ ተበላሸ። ሰውየው በመቅዘፊያ ቢታገልም ውኃው በረታበት። ደግነቱ ልጆቹ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ለብሰው ነበር። ወዲያው ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ሦስቱም ተለያዩ።

በወንዙ ዳር ብዙ ጎብኚዎች ቆመው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ጆን ሄይስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጅቷ በውኃ ስትወሰድ ባየ ጊዜ የብረቱን አጥር ተሻግሮ ወደ ውኃው ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋ፤ ወደ እርሱ እንድትዋኝም ጮኸ። ከገደሉ አፍ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት አውራ ጣቱን ያዘች። አስቡት ልጆች፣ አንድ አውራ ጣት ብቻ! ነገር ግን ውኃው ስለሚጎትታት ብቻውን ሊያወጣት አልቻለም። ድረሱልኝ ብሎ ሲጣራ ሌላ ሰው አጥሩን ዘሎ መጣና አብረው አወጧት። ልጅቷም ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ወንድሟ ጮኸች። ሁለተኛው ሰው ጸልዪለት አላት።

ሮጀር ግን በፏፏቴው ወርዶ ነበር። ካደገ በኋላ እንደተናገረው፣ ውኃው ሲወስደው በዳር የቆሙትን ሰዎች እያየ «ለምን አያወጡኝም?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ታች ሲደርስ ሰደርያው ወደ ላይ አወጣው። ጎብኚዎችን የምታዞር ጀልባ በአቅራቢያው ስለነበረች መርከበኞቹ በገመድ የታሰረ ተንሳፋፊ ቀለበት ወረወሩለት። በመጀመሪያው አልደረሰውም፤ ደግመው ወረወሩ፤ በኋላም ያዘውና ሳቡት። የደረሰበት ጉዳት ቀላል ነበር።

ከእነርሱ ጋር የነበረው ሰው ግን ሞተ፤ አስከሬኑም ከቀናት በኋላ ተገኘ። ይህን አልደብቃችሁም። ሁለቱ ድነው አንዱ ለምን እንደቀረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ልብ በሉ። ሄይስ ውኃው ውስጥ አልዘለለም። ቢዘልል ኖሮ ሁለቱም አብረው በሄዱ ነበር። ስለዚህ በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር ጓደኛችሁ ቢወድቅ፣ ዋና ብትችሉም ተከትላችሁት አትግቡ። በመጀመሪያ በኃይል ጮኻችሁ ትልልቅ ሰዎችን ጥሩ። ከዚያም በሆዳችሁ ተኝታችሁ ረጅም ዱላ ወይም ነጠላ አቀብሉት፤ የማይደረስበት ከሆነ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ወርውሩለት፤ አቅፎት ይንሳፈፋል።

ቤት ስትገቡ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ በቤታችሁ ካለው ዕቃ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የትኛው እንደሆነ በባልዲ ውኃ ሞክሩ፤ ያገኛችሁትንም እሑድ ንገሩን።