የጠመንጃ ሰደፍና የእንጨት እርጥበት

በሐድያና በከምባታ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከአያት የተላለፈ ጠመንጃ የቤተሰብ ቅርስ ነው። ብረቱ ዘመን ሲሻገር እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም ተተኪ ሰደፍ ገዝቶ ወይም አናጺ ዘንድ አሠርቶ ያስገጥማል። በክረምት ልክክ ብሎ የገባው ሰደፍ ግን በጥር ሊላላ ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ሰደፍ ስንል ብረቱ የሚያርፍበትን የእንጨት አካል በሙሉ ማለታችን ነው።

ሰደፍ የሚሸከመው ኃይል

10 ግራም የሚመዝን ጥይት በሴኮንድ 750 ሜትር ፍጥነት ሲወጣ 7.5 ኪሎግራም ሜትር በሴኮንድ ሞመንተም ይይዛል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት 4 ኪሎግራም የሚመዝነው ጠመንጃ፣ የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር፣ በሴኮንድ 1.9 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ይራገጣል። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከቤልጂየም የተገዙትን በመሰሉ ሞዜሮች፣ ይህን ግፊት በዋናነት ለእንጨቱ የሚያስተላልፈው ከብረቱ ሥር የወጣ ትንሽ ጥርስ ነው። ጥርሱ በሙሉ ገጽታው እንጨቱን ከነካ ኃይሉ ይከፋፈላል። ክፍተት ካለ ግን ብረቱ ተንደርድሮ ይመታዋል፤ እንጨቱም በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

የእንጨት እርጥበት ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። በቁመቱ የሚኮማተረው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ግን ብዙ ነው። በዚህ አቅጣጫ በጠቅላላው 8 በመቶ የሚኮማተር፣ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እንጨት እንውሰድ። እርጥበቱ ከ20 ወደ 10 በመቶ ቢወርድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጠባል። እኩል ስፋት ያለው ብረት በ20 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የሚቀየረው 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰደፍን የሚያላላው ከሙቀት ይልቅ እርጥበት ነው።

ገዢው ምን ያድርግ?

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ የሚገዛው እንጨት ዋንዛም ይሁን ወይራ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መድረቁ ነው። እንጨቱን ጥላ ባለበትና አየር በሚያገኝበት ስፍራ አስቀምጦ በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተመጣጥኗል። ቀጥሎ ጭረቱ በቀጭኑ የሰደፍ አንገት በኩል በቁመት ማለፉን መመልከት ይገባል። ጭረቱ አንገቱን አግድም ካቋረጠው እንጨቱ በዚያ በቀላሉ ይሰበራል።

ሲገጠም፣ ባዶነቱ በተረጋገጠ መሣሪያ ላይ፣ ብረቱን በስሱ ጥቀርሻ ቀብቶ በእንጨቱ ላይ ማሳረፍና የጠቆረውን ብቻ መፋቅ ጥንታዊ ግን አስተማማኝ ዘዴ ነው። ጥቀርሻው በእኩል ሲያርፍ ሥራው አበቃ። የተልባ ዘይት የእርጥበትን ዝውውር ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ ስለሆነም ከውጪው ገጽ ባሻገር የውስጡ ጎድጓዳና የተቆረጡት ጫፎች መቀባት አለባቸው።

ጥገናው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚፈቅደው መንገድ፣ በባለሙያ እጅ ይሁን። የተሰነጠቀውም ሰደፍ አይጣል፤ ለአዲሱ መለኪያ፣ ለቤተሰቡም መታሰቢያ ነውና።