አንቱ እያሉ መጦር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ በየበዓሉ ዳቦ ደፍተን፣ ሳሙናና ልብስ ሰብስበን ወደ አረጋውያን መጦሪያ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። ልማዱ መልካም ነው። ምን ይዘን እንሂድ በሚለው ላይ ብዙ ስብሰባ ይደረጋል፤ በሩን አልፈን ስንገባ በክፍሉ ያሉትን ሰዎች እንዴት እንይዛቸዋለን የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው።

በአገራችን ልጅ ሲመረቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። ጡረታ የምንለውም ከዚሁ ከመጦር የወጣ ነው። በቀድሞ ዘመን ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ወይም ባልቴት ቆብ ደፍተው ገዳም ይገባሉ፣ አለዚያም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠግተው በሰንበቴና በዝክር ይኖራሉ። ከተማ ሲሰፋ፣ ልጆች ሲሰደዱና ሲሞቱ፣ ቤት ኪራይ ሲንር ይህ ብቻውን አልበቃም። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሣ የሚጦር ቤት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሙ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቅዱስ ጳውሎስ በራእይ ያየውን፣ መጥተህ እርዳን እያለ የለመነውን የመቄዶንያ ሰው ያስታውሰናል።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አዲስ አይደለም። በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ቀጰዶቅያ በአራተኛው መቶ ዓመት ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ሰፊ ቤት አሠርቶ ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት፣ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ379 ካረፈ በኋላ ስለ እርሱ ሲናገር ያንን ቦታ አዲስ ከተማ ብሎታል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ጎርጎርዮስ ከሕንፃው ጋር አያይዞ የተናገረው ነው። ባስልዮስ ከታላቅ ቤተ ሰብ የተወለደና ሊቀ ጳጳስ የሆነ ሰው ሲሆን፣ ሌላው ሰው በሩቁ የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደ ወንድም ይስማቸው ነበር። ቤት መሥራት በገንዘብ ይቻላል። መሳሙን ግን ሌላ ሰው ተክቶ ሊያደርግለት አይችልም ነበር።

እስቲ አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታችን ለቅዱስ ጴጥሮስ፣ በጎልማሳነቱ ራሱ ታጥቆ ወደ ወደደበት ይሄድ እንደ ነበር፣ ሲሸመግል ግን እጁን ዘርግቶ ሌላ ሰው እንደሚያስታጥቀው ነግሮታል። ቃሉ ስለ ሰማዕትነቱ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን በመጦሪያ አልጋ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየማለዳው በሥጋው ያውቀዋል። ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲያዝዝ የኖረ አባወራ ዛሬ ሱሪውን የሚያስታጥቀው የማያውቀው ጎረምሳ ነው። ልጅ ወልዳ፣ ድግስ ደግሳ የኖረች እናት ገላዋን የምታጥባት የትናንት ልጅ ናት። በዚህ ጊዜ የሚጎዳቸው ችግራቸው ብቻ አይደለም፤ የምናስታጥቅበት አኳኋንም ነው።

ስለዚህ ገላ ለማጠብ የተመደባችሁ፣ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። «አሁን እግርዎን ላጥብ?» ማለት ጊዜ አይፈጅም። በሩን ወይም መጋረጃውን ዝጉ፤ የምታጥቡትን ክፍል ብቻ ገልጣችሁ ሌላውን በፎጣ ሸፍኑ። እጃቸውን ማንቀሳቀስ የሚችሉ ከሆነ ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠቡ፤ ቀርፋፋ ቢሆኑም ጠብቁ። የሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር ሲቀየር አፍንጫ መያዝ፣ ከጓደኛ ጋር መጠቃቀስ፣ ይልቁንም በላያቸው ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ነውር ነው። መነሣት የማይችል ሰው ከወገቡና ከተረከዙ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ ይህንም ስታደርጉ ከመንካታችሁ በፊት ንገሩት። ተኝቶ ሳለ በድንገት የሚገለብጡት ሰው ዕቃ የሆነ ይመስለዋል።

ምግብም እንዲሁ ነው። ቀና ብለው ሳይቀመጡ ማጉረስ ትንታ ያመጣል፤ ትንታው ወደ ሳንባ ወርዶ ሊገድል ይችላል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል። ቆማችሁ አታጉርሱ፤ ተቀመጡና ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ይሁን። ጉርሻ በእኛ ዘንድ የፍቅር ነገር ነው፤ በጥድፊያ ሲሆን ግን ጆንያ እንደ መሙላት ይሆናል።

አጠራርስ? በአማርኛችን ስመ ጥር ሰው «አንቱ የተባለ» ይባላል። ክብሩ ያለው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሰማንያ ዓመት አንቱ ሲባል የኖረን ሰው መጦሪያ ስለ ገባ ብቻ በምን ሥልጣን «አንተ፣ ተነሥ» እንለዋለን? እርግጥ ነው፣ «እማዬ፣ ነይልኝ» የሚለው አጠራር በብዙ ቤት የፍቅር ነው፤ አንቱታውን እንደ መራራቅ የሚቆጥሩም እናቶች አሉ። ምርጫው ግን የእነርሱ ይሁን። ደግሞ ሁሉን በጅምላ «አባባ» «እማማ» ማለት ይቀናናል። እኒያ አባት መቶ አለቃ ወይም መሪጌታ ሊሆኑ ይችላሉና ማዕረጋቸውን ጠይቁ። መሪጌታ ተብለው ሲጠሩ ከትራሳቸው ቀና የሚሉ ሰው አይጠፉም።

ከሁሉ የሚከብደው አእምሯቸው የደከመባቸውን መጦር ነው። የሞተ ልጃቸው እንደሚመጣ ነግረውን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይጠይቁናል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባትን በእርጅናው እንድንረዳ፣ አእምሮው ቢጎድል እንኳ እንድንታገሠውና በጉልበታችን ተመክተን እንዳናቃልለው ይመክራል። ሞቷል ብሎ ደጋግሞ መንገር በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። «ስሙ ማን ነበር? ምን ይወድ ነበር?» ብሎ ስለ ልጁ እንዲያወሩ ማድረግ ይሻላል። መሳቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

አንድ አከራካሪ ነገር ላንሣ። አንዲት እናት ረቡዕ ቀን ወተት አልጠጣም አሉ እንበል፤ ሰውነታቸው ግን ደክሟል። አንዳንዱ አስታማሚ ወተቱን በአጥሚቱ ደብቆ ይሰጣል፤ ለነፍሳቸው አስቤ ነው ይላል። እኔ ግን ይህ ስርቆት ነው እላለሁ። እኒህ እናት ቤታቸውን፣ ዕቃቸውን፣ ጉልበታቸውን ለቀዋል፤ የቀራቸው ጾማቸው ነው፤ እርሱንም በማታለል መውሰድ አይገባም። ለሕሙማን ጾምን የሚፈታ ሥርዓት አለ፤ የሚፈታው ግን የንስሐ አባት ነው። ካህን ይጠራላቸው፤ ከካህኑ አፍ ከሰሙ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እስከዚያው ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒና የምስር ሾርባ ጉልበት ይሰጣሉ። ነገር ግን ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ ቢቀር ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላልና፣ በዚህ ጊዜ ነርሷና ካህኑ በአንድነት መምከር አለባቸው።

ስለ ፎቶግራፍም ሳልናገር አላልፍም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ተራቁቶ ሳለ ካም አይቶ ወደ ውጭ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው የኋሊት እየሄዱ ሸፈኑት። ኖኅ የተራቆተው በገዛ ስካሩ ነበር፤ እነርሱ ግን ጥፋቱ የማን ነው ብለው አልመረመሩም። ካም ዛሬ ቢሆን ስልክ ይኖረው ነበር። መጦሪያ ቤቶች በሕዝብ እርዳታ ስለሚኖሩ ችግራቸው መታየቱ ይጠቅማል ይባላል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን በአልጋ ላይ ያሉ፣ ያልተሸፈኑ፣ አእምሯቸው ስለ ደከመ እሺም እምቢም ማለት የማይችሉ ሰዎች ዳቦ ሲቀበሉ ተነሥተው በፌስቡክ መውጣታቸው በምንም አይደገፍም። በአንድ ወቅት ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ተማሪ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ያ ተማሪ ምስሉን ሊያየው ይችላል።

በመጨረሻ ስለ አስታማሚዎቹ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ደጉን ሳምራዊ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ስለ እንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ግን ሲሰበክ ብዙ አልሰማሁም። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ሰጥቶት በማግሥቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ቁስለኛውን የጠበቀው ያ ሰው ነው። በመጦሪያው ሌሊት አንሶላ የሚለውጡት፣ የሚጮኸውን የሚያረጋጉት እኅቶችና ወንድሞች እርሱን ይመስላሉ። የደከመና የተናቀ አስታማሚ ቁጡ ይሆናል፤ ቁጣውም የሚያርፈው በአልጋው ላይ ባለው ሰው ነው። ስንሄድ ለእነርሱም ሻይ ይፈላ፤ ልብስ በማጠቡ እንተካቸውና ጥቂት ይረፉ።

ሳምራዊውም ቢሆን የጎደለውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ነበር የሄደው። በበዓል ቀን መጦሪያው በጎብኚ ይጨናነቃል፤ መዝሙሩ ከመዝሙር ይጋጫል፤ በሳምንቱ ማንም የለም። ስለዚህ ለሚመጣው ጊዜ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ በአራት በአራት ተከፋፍለን፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግረን፣ በተራ ቀን ከሰዓት በኋላ እንሂድ፤ እያንዳንዱ ቡድንም ሁልጊዜ ወደ አንድ ክፍል ይግባ። ስማቸውን በቃል እንያዝ። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ከእሑድ ትምህርት በኋላ ለበጎ አድራጎት ክፍል ተጠሪ ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።