የዓለምን ታሪክ በውል ስለ ማስተማር

ንባብ ብቻ ተምሮ ትርጓሜ ያልሰማ ደቀ መዝሙር መጽሐፉን በቃሉ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ምን ማለት ነው ቢሉት ዝም ይላል። የዓለም ታሪክም በብዙ ትምህርት ቤት እንደዚሁ ሆኖ ይገኛል። ልጁ የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዘመን ይደረድራል፤ ይህ ለእኔ ምኔ ነው ብሎ ቢጠይቅ ግን መልስ የሚሰጠው አያገኝም። ወላጆቹም በሩቅ አገር የነገሠ ንጉሥ ለገበሬ ልጅ ምን ይረባዋል ይላሉ። ስለዚህ መምህሩ ልጁ በመንደሩ ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ወደማያውቀው ሊመራው ይገባል።

ልጁም ከሚያውቀው ነገር አንዱ ውል ነው። ሁለት ጐረቤታሞች ስለ እርሻ ወሰን ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ነገሩ ይሰማል፤ ድንጋይ ይተከላል፤ እማኝ ይቆማል፤ ዋስ ይጠራል። እንግዲህ የዓለም መንግሥታትም እንደ ጐረቤታሞች ናቸውና፥ ስለ እያንዳንዱ ውል አራት ጥያቄ ቢጠየቅ ታሪካቸው ይገለጣል። በማንና በማን መካከል፥ ስለ ምን ተዋዋሉ? ሁለቱ ወገኖች ቃሉን አንድ አድርገው ሰምተውታልን? እማኙ ማን ነው? ውሉ ቢፈርስ የሚያስከብር ዋስ ማን ነው?

ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ግን ሊቃውንት በግምት ያስቀመጡት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ወሰን ድንጋይ ነው። በዛሬይቱ ኢራቅ፥ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፥ ላጋሽና ኡማ የሚባሉ ሁለት የሱመር ከተሞች ነበሩ። ስለ አንድ ለም እርሻና ስለ መስኖው ውሃ ተጣሉ፤ መሲሊም የተባለ የኪሽ ንጉሥም መካከላቸው ገብቶ የወሰን ድንጋይ አቆመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የኡማ ገዥ ድንጋዩን ነቅሎ ድንበር ገፋ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2450 ዓመት ገደማ የላጋሽ ንጉሥ ኤአናቱም ድል አድርጎ የኡማን ገዥ በአማልክት ስም አስማለው፤ ነገሩንም በድንጋይ ላይ አስቀረጸው። የዚህ ድንጋይ ስባሪ ዛሬ በፓሪስ፥ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ይሁን እንጂ መሐላው ጠቡን አላበረደውም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ እንጂ። ድንጋይና መሐላ ነበረ፤ የሁለቱም የሆነ ዋስ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ታላላቅ መንግሥታት ነው። የግብፅ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስና ኬጢያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1274 ዓመት ገደማ በሶርያ፥ በቃዴስ ተዋጉ። ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ራምሴስና የኬጢያውያን ንጉሥ ሐቱሲሊ ታረቁ። ጠላት በአንዱ ላይ ቢነሣ ሌላው ሊረዳው፥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሸሸ ሰው ሊመለስ፥ የተመለሰውም እንዳይቀጣ ተስማሙ። እማኞቹ የሁለቱ አገር አማልክት ነበሩ። የግብፅ ጽሑፍ በካርናክ ግንብ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የኬጢያውያኑም የጭቃ ሰሌዳ በ1898 ዓመተ ምሕረት በዛሬይቱ ቱርክ ከመሬት ተቈፍሮ ወጣ። ይህ ውል ጸና። ምክንያቱም የአሦር መንግሥት እየበረታ ስለ ሄደ አንዱ ሌላውን ይፈልገው ነበር። መምህሩ ለልጆቹ፥ ዋስ በሌለበት ጊዜ ውልን የሚጠብቀው የሁለቱ ወገኖች ጥቅም መሆኑን ያስረዳቸው።

ሦስተኛው ትምህርት ዋስ ስለ መጥራት ነው። በጀርመን ምድር 30 ዓመት የቈየ ጦርነት በ1641 ዓመተ ምሕረት በዌስትፋሊያ ውል ተፈጸመ። ፈረንሳይና ስዊድን የውሉ ዋሶች ሆኑ፤ ነገር ግን ሁለቱም በጦርነቱ የተዋጉ፥ በውሉም መሬት ያገኙ ነበሩ። በ1674 ፈረንሳይ የስትራስቡርግን ከተማ በጦር ያዘች። ዋሱ ራሱ ድንበር ሲገፋ ወደ ማን ይጮኻል? ይህን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት፤ መምህሩ አይቅደማቸው።

አራተኛው ትምህርት ስለ ቃል ነው። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ኢትዮጵያና ኢጣልያ በውጫሌ ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። 17ኛው ክፍል በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ ቢፈቅዱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ኢጣልያም በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን አፈረሱት፤ ነገሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 በዓድዋ ላይ በደም ተፈታ። በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ በተደረገው ውል የውጫሌው ተሰረዘ፥ የኢትዮጵያም ነጻነት ታወቀ። አንዲት ቃል በሁለት ቋንቋ ስለ ተለያየች ስንት ሺህ ሰው አለቀ!

አምስተኛው ትምህርት ዋስነቱን ስላጐደለ ማኅበር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው በአንዱ ላይ የመጣውን በኅብረት ሊመልሱ በ1912 የዓለም መንግሥታት ማኅበርን አቆሙ። ኢትዮጵያም በ1916 ገባች። ከኢጣልያም ጋር በ1920 የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል አደረገች። ሆኖም በመስከረም 1928 የኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ማኅበሩ ኢጣልያ በደለኛ ናት ብሎ ፈረደ፥ ንግድም ከለከለ፤ ነዳጅ ዘይቱን ግን አልከለከለም፥ የስዌዝም ቦይ ለመርከቦቿ ክፍት ነበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዤኔቭ ላይ ቆመው ስለ መርዝ ጢሱና ስለ ፈረሰው ውል ተናገሩ። ማኅበሩ ግን በሐምሌ የንግዱን ክልከላ አነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የጦርነት እሳት ዋስነታቸውን ያጐደሉትንም ደረሰባቸው።

ስድስተኛው ትምህርት ያለንበት ዘመን ነው። በሰኔ 19 ቀን 1937 በሳን ፍራንሲስኮ 50 መንግሥታት፥ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር፥ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ፈረሙ። ዛሬ የማኅበሩ አባሎች 193 ናቸው። በጸጥታው ምክር ቤት ግን አሜሪካ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይ፥ ሩሲያና ቻይና እያንዳንዳቸው ውሳኔ የማገድ ሥልጣን አላቸው፤ ስለዚህ የዌስትፋሊያ ጥያቄ ዛሬም አልተፈታም። ደግሞ የወሰን ድንጋይ የማይተከልበት እርሻ አለ፤ ይኸውም አየር ነው። ከፀሐይ ጐጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን ለመጠበቅ በመስከረም 1980 በሞንትሪያል የተደረገውን ውል መንግሥታት ሁሉ ተቀበሉት፤ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ስለ ምድር መሞቅ በታኅሣሥ 2008 በፓሪስ በተደረገው ውል ግን እያንዳንዱ መንግሥት የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል፥ ቃሉን ቢያጐድልም ቅጣት የለበትም። ዝናም ከወቅቱ ሲዛባ የሚጐዳው ገበሬ ለዚህ ውል ዋሱ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነው።

መምህሩ ከነዚህ ትምህርቶች አስቀድሞ ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱን ወደ ትምህርት ቤት ቢጠራ፥ እርሳቸውም ወሰን እንዴት እንደሚታረቅ ቢያስረዱ መልካም ነው። ልጆቹም አራቱን ጥያቄ ከሽማግሌው አፍ ይማሩ። በእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ ሁለት ልጆች ስለ ሁለቱ ወገን ይሟገቱ፤ ሌሎቹም ይፍረዱ። ነገር ግን ትምህርቱ አንድን ሕዝብ ወደ መጥላት እንዳያዘነብል መምህሩ ይጠንቀቅ፤ ውል አፍራሽ በየዘመኑና በየወገኑ ተገኝቷልና።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በፈተና ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም። ልጁ አድጎ መሬቱን ሲያከራይ ወይም ገንዘብ ሲበደር ወረቀት ይቀርብለታል። የውጫሌን ነገር የተማረ ሰው ቃሉን ሳያነብ ወይም ሳያስነብብ አይፈርምም፤ አባቱም አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከማተሙ በፊት፥ አባቴ ሆይ፥ ቈይ፥ ላንብብልህ ይለዋል። ያን ቀን የዓለም ታሪክ ለገበሬ ልጅ ምን እንደሚረባ አባቱ ያውቃል።