ስለ ብጉር የሚደረግ የተማሪዎች የሳይንስ ሙከራ እንዴት ይታቀድ?



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸውን አስከትለው መጡና «ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ስለ ብጉር ልትሠራ ነው፤ እስቲ ዕቅዷን እይልን» አሉኝ። ልጅቱ ደብተሯን ዘረጋች። የጓደኞቿን ብጉር በጥጥ ነክታ ባክቴሪያውን ቤት ውስጥ በጄላቲን ላይ ልታራባ፣ ከዚያም ሎሚ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙናና የፋርማሲ ቅባት እየጨመረች የትኛው እንደሚገድለው ልታይ አስባለች። የመጨረሻው መስመር «ያሸነፈውን እኔም ፊቴን እቀባዋለሁ» ይላል። ይህን ሳነብ ጉንጯን በሻርፗ ጫፍ ሸፈን አደረገች።

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ዕቅዷ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይስታል። አንደኛ፣ በዚያ መንገድ የሚበቅለው የብጉር ባክቴሪያ አይሆንም፤ አደጋም አለው። ሁለተኛ፣ በብርጭቆ ውስጥ ተህዋስያንን የሚገድል ነገር ሁሉ ለፊት መድኃኒት አይሆንም። ለሌሎች ተማሪዎችና ወላጆችም ይጠቅማል ብለን ያልናትን እነሆ።

ብጉር ከምን ይመጣል?

ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ዕድሜ በሆርሞን ለውጥ የተነሳ እነዚህ ዕጢዎች ወዝ ያበዛሉ። የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ ፀጉር የሚበቅልበትን ቀዳዳ ይደፍናል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ይህን ሲከላከል ደግሞ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። እንግዲህ የወዝ መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈን፣ ባክቴሪያና የቆዳ መቆጣት አራቱ ተባብረው ነው ብጉር የሚያወጡት።

ባክቴሪያው ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ይባላል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኔስ ይባል ስለነበር በቆዩ መጻሕፍት የሚገኘው በዚያ ስሙ ነው። ብጉር በሌለበት ሰው ቆዳ ላይም ይኖራል። ስለዚህ ብጉር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ በመነካካትም አይተላለፍም። ከ12 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች 85 በመቶ ያህሉ በትንሹም ሆነ በብዙው ያዩታል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባክቴሪያውን ቤት ውስጥ ማራባት ለምን አይሆንም?

ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን በሌለበት መኖር የሚመርጥ ነው። በላቦራቶሪ የሚራባው አየር በማይገባበት ዕቃ፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲሆን በዓይን እስኪታይ ሳምንት ያህል ሊወስድ ይችላል። ቤት ውስጥ በሳሕን ላይ በሁለት ቀን ፈጥኖ የሚበቅለው ሌላ የቆዳ ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ነው። ከእነዚህ መካከል ቁስል የሚያመረቅዙ አሉባቸው። ተማሪዋ «ሎሚ የብጉርን ባክቴሪያ ገደለ» ብላ ስትጽፍ የገደለችው ሌላውን ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የሠለጠነ መምህርና የተሟላ ላቦራቶሪ ከሌለ ከሰው አካል የተወሰደ ነገር አይራባም። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም ለሙከራ አይወሰድ። በክፍል ጓደኞች ፊት ላይ ቅባት መሞከርም ፈጽሞ አይገባም።

በምትኩ ምን ይሠራ?

ለዚህ የሚሆን ርካሽና አደጋው አነስተኛ የሆነ ምትክ የዳቦ እርሾ ነው። እርሾ ሕይወት አለው፤ ስኳር ሲመገብ ጋዝ ያወጣል። የጨመርነው ነገር ከጎዳው ጋዙ ይቀንሳል። አሠራሩ የሚከተለው ነው፦

1. ስድስት እኩል የሆኑ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ማዘጋጀት። በእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ መጨመር።

2. በመጀመሪያው ምንም አለመጨመር። በሁለተኛው መድኃኒት የሌለው ተራ የፊት ክሬም፣ በሦስተኛው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የብጉር ቅባት፣ በአራተኛው የሎሚ ጭማቂ፣ በአምስተኛው ማር፣ በስድስተኛው የጥርስ ሳሙና፣ ሁሉንም አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ማድረግ።

3. በአፋቸው ላይ እኩል መጠን ያላቸው ፊኛዎች ማልበስ። ክዳን ፈጽሞ አይዘጋባቸውም፤ ጋዙ ሊያፈነዳቸው ይችላል።

4. በየ15 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት የፊኛውን ዙሪያ በክር ለክቶ በማስመሪያ ማንበብና መመዝገብ።

5. በሦስት የተለያዩ ቀናት ደግሞ አማካዩን መውሰድ። የውኃው ሙቀትና የእርሾው ዓይነት አይለዋወጥ። ግምትም ከሙከራው በፊት ይጻፍ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የተጻፈ ግምት ግምት አይባልም።

ቅባቱ ዓይን እንዳይነካ ጓንት ይደረግ፤ አንድ ትልቅ ሰውም አብሮ ይሁን።

ተራው ክሬም ምን ያደርጋል?

ልጅቷም ይህንኑ ጠይቃኛለች። መልሱን አንድ የታወቀ ጥናት ይነግረናል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 65 ሰዎችን ቸኮሌት የበዛበትና ቸኮሌት የሌለበት ጣፋጭ በየተራ አብልቶ በብጉራቸው ላይ ልዩነት አላገኘም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ምግብና ብጉር አይገናኙም» ሲባል ኖረ። ኋላ ግን ቸኮሌት የሌለበት ጣፋጭም ስኳርና ቅባቱ የዚያኑ ያህል መሆኑን ተቺዎች አሳዩ። ጥናቱ ስለ ስኳር ምንም አልመረመረም ማለት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከ15 እስከ 25 ዓመት በሆኑ 43 ወንዶች ላይ ለ12 ሳምንት በተደረገ ጥናት፣ የደም ስኳርን በፍጥነት የማያሻቅብ ምግብ የተመገቡት ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል። ምግብ ብቻውን ብጉርን ያድናል ባይባልም ለስላሳና ጣፋጭ መቀነስ አይጎዳም።

ከዚህ የምንማረው ማነጻጸሪያው ከተበላሸ መልሱም እንደሚበላሽ ነው። የብጉሩ ቅባት እርሾውን ቢያዳክመው መድኃኒቱ ነው ወይስ ክሬሙ? ይህን የሚለየው ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው።

ውጤቱ ምን አይነግረንም?

ማር ያለበት ፊኛ ከሁሉም በልጦ ቢነፋ አትደነቁ። ብርዝ ሰንብቶ እንደሚፈላ ሁላችን እናውቃለን፤ ውኃ የበዛበት ማር ለእርሾ ምግብ ነው። ይህ ማር ለቆዳ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እርሾ ፈንገስ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም፤ ፕላስቲኩም ወዝ የሚያመነጭ ፊት አይደለም። ጎበዝ ተማሪ ይህን በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ ይጽፋል። ዳኛ የሚያከብረውም ይህንኑ ነው።

ሎሚም እርሾውን አዳከመ አላዳከመ ለፊት አይሆንም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የጥርስ ሳሙናም ቆዳን ያስቆጣል።

ከሙከራው ጎን የሚለጠፍ የመድኃኒቶች ማብራሪያ

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያን ይገድላል። ባክቴሪያው እንደ አንቲባዮቲክ አይላመደውም። በ2.5 በመቶ መጠን መጀመር ቆዳን ብዙም አያስቆጣም። ጨርቅ ስለሚያነጣ ቀለም ያለው ሒጃብና ትራስ እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድና አዳፓሊን የተደፈነ ቀዳዳ እንዲከፈት ይረዳሉ። ክሊንዳማይሲንን የመሰሉ የሚቀቡ አንቲባዮቲኮች ባክቴሪያው እንዳይላመዳቸው ብቻቸውን አይሰጡም። አይሶትሬቲኖይን ለከባድ ብጉር በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ለውጣቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ለወላጆች

የውዱእ ውኃ ብጉርን አያብስም። በሳሙና መታጠብ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያውም በለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ያለ ሐኪም የሚሸጡ የፊት ማቅያና ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶችን ልጆቻችሁ እንዳይቀቡ ተከታተሉ። ለጊዜው ፊቱን ያጠሩት ይመስላሉ፤ ቆይተው ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ብጉሩንም ያብሳሉ። ብጉሩ ጠልቆ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው ወይም ልጁን ከሰው የሚያሸሽ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። «ሲያድግ ይጠፋል» እያሉ መጠበቅ ጠባሳውን ያስቀራል።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት እስክሪብቶ አውጥታ የመጨረሻውን መስመር ሰረዘች። በምትኩ «ፊቴን ሐኪም ያየዋል፤ እኔ እርሾውን አያለሁ» ብላ ጻፈች። አባትየውም ሳቅ ብለው «እኔ ደግሞ ፊኛውን እገዛለሁ» አሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።