ማን ያንኳኳ? ስለ ኮምፒዩተራችን የመልእክት ማሳወቂያ አጭር ትምህርት

በንፋስ መውጫና በአካባቢዋ ያደግን ሁላችን እንደምናውቀው፥ መርዶ እንደ ገበያ ወሬ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተመካክሮ፥ ሰዓት መርጦ፥ አብዛኛውን ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ይሄዳል። የሠርግ ጥሪም የራሱ ጠሪና የራሱ ጊዜ አለው። በእኛ በተማሪዎች ኮምፒዩተር ላይ ግን የመምህሩ ኢሜይል፥ የክፍል ቡድን ቀልድ፥ የሱቅ ማስታወቂያና የቤተ ሰብ መልእክት በአንድ ድምፅ ይጮኹብናል።

ይህ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስለን። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ከጋይንት የሚላክልን መልእክት የሚደርሰን ላኪው መስመር ባገኘባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ለፈተና ሲያጠና ማሳወቂያውን ሁሉ ዘግቶ ስለ ነበረ፥ የእናቱን መታመም የሚናገረውን መልእክት ያነበበው በሁለተኛው ቀን ነው። መልስ ቢጽፍ ላኪው ከመስመር ወጥቷል፤ ስልክ ቢደውል አልገባ አለው። እናቱ በደኅና ተነሥተዋል፤ እኛ ግን ትምህርት አገኘንበት። ሁሉን መክፈት ጥናት ያጠፋል፥ ሁሉን መዝጋትም ከወገን ይለያል፤ መፍትሔው መለየት ነው።

ለመለየት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በጀመረው በሊኑክስ፥ አንድ ፕሮግራም ማሳወቂያውን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እጅ በመስኮታችን ላይ አይለጥፍም። ዲ-ባስ በሚባለው የመልእክት መንገድ አድርጎ ለአንድ በር ጠባቂ ያስረክባል፤ የሚያሳየው በር ጠባቂው ነው። ላኪው ፕሮግራም ከሦስት የአስቸኳይነት ደረጃዎች አንዱን ሊጽፍበት ይችላል፤ እነርሱም ዝቅተኛ፥ መደበኛና እጅግ አስቸኳይ ናቸው። ነገር ግን ደረጃውን የሚሰጠው ላኪው እንጂ ተቀባዩ አይደለም። ለነጋዴ የራሱ ዕቃ ሁልጊዜ አስቸኳይ ነውና፥ ምርጫውን ለላኪ መተው አይገባንም። እንግዲህ የሚከተለውን እናድርግ።

አንደኛ፤ ከኡቡንቱ ጋር በሚመጣው ግኖም ውስጥ «ቅንብሮች» ከፍተን «ማሳወቂያዎች» ወደሚለው እንግባ። የፕሮግራሞቹ ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። የማያስፈልገውን አንድ በአንድ እንዝጋ። ድረ ገጾች በፋየርፎክስ በኩል የሚልኩትን ደግሞ በዚያው በአሳሹ ቅንብር ፈቃዳቸውን እንንሣ።

ሁለተኛ፤ በተንደርበርድ ኢሜይል የምናነብ ሰዎች አዲስ መልእክት በስንት ደቂቃ እንዲፈተሽ መወሰን እንችላለን። በማጣሪያ የጋራ ማስታወቂያዎችን ወደ አንድ አቃፊ ልከን ማታ እናንብባቸው፤ የመምህሩ ደብዳቤ ግን በገቢ ሳጥን ይቅር። በቤተ መጻሕፍት ስንሠራ ደግሞ ርእሱና የመልእክቱ መጀመሪያ በማሳወቂያው ላይ እንዳይታይ እናድርግ፤ የቤታችን ምስጢር ለጎረቤት ወንበር አይነበብምና።

ሦስተኛ፤ በቴሌግራም ፕሮግራሙን በሙሉ ከመዝጋት ቡድኖችንና ቻናሎችን እየለየን ድምፃቸውን እናጥፋ። የአባት፥ የእናት፥ የወንድምና የእኅት መስመር ክፍት ይሁን። ለወላጆቻችን የሚጽፍላቸው ጎረቤት ካለም የእርሱን እንዳንረሳ።

አራተኛ፤ «አትረብሽ» የሚለውን ቁልፍ የመጨረሻ እናድርገው። ይህ ቁልፍ እናትንና ሱቅን አይለይም፤ ተራውን መልእክት ሁሉ ዝም ያሰኛል። በኬ.ዲ.ኢ. ፕላዝማ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ዘግተን በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። በግኖም ግን ራሳችን እስክንከፍተው ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ የተጠራቀመውን የምናየው በላይ ያለውን ሰዓት ስንጫን ነው። ስለዚህ የዘጋ ሰው የሚከፍትበትን ሰዓት በደብተሩ ይጻፍ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የፈጸመ ሰው አራተኛው እምብዛም አያስፈልገውም። ሥራው በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ለቀረው ዓመት በሰላም ያስጠናል። ለፈተና ስንዘጋጅ በራችንን መዝጋታችን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከአገር ቤት መጥቶ የሚያንኳኳ እንግዳ በውጭ ቆሞ እንዳያድር አደራ እንላለን።