አሠልጣኙ ሲሄድ ትምህርቱ ከማን ጋር ይቀራል?

ዛሬ የምናነሳው በአገራችን ብዙም ስለማይታወቀው ስለ ራግቢ ሊግ ነው። በየወገኑ 13 ሰው ይሰለፋል፤ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ ከወደቀ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ስለዚህ ይዞ መጣል ትልቅ ሙያ ነው።

አውስትራሊያዊው ጃክ ጊብሰን ከአሜሪካን ፉትቦል ቀስሞ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ስንት ሰው እንደጣለ ያስቆጥር ነበር፤ ጨዋታውንም በቪዲዮ እያሳየ ያስተምር ነበር። በዚህ አሠራር የሲድኒውን ኢስተርን ሰበርብስ በ1974 እና በ1975፣ ፓራማታን ደግሞ ከ1981 እስከ 1983 በተከታታይ ሻምፒዮን አደረገ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)።

ታዲያ እሱ ሲሄድ ፓራማታ ወደቀ? የለም! በረዳትነት አጠገቡ የነበረው ጆን ሞኒ ተተክቶ በ1986 ዋንጫውን መለሰ። ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ከነባር መምህር ጎን እንደምትቀመጡት ማለት ነው። እርግጥ ፒተር ስተርሊንግንና ብሬት ኬኒን የመሰሉ ተጫዋቾችንም አብሮ ወርሷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሞኒ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ጊብሰን አሠልጥኖት የማያውቀውን ዊጋንን ከ1989 እስከ 1993 ሲመራ አራት የሊግና አራት የቻሌንጅ ካፕ ድል አስገኘ። እኛ እንደሚመስለን ውርሱ የተጓዘው ከክለቡ ጋር ሳይሆን አጠገብ ሆኖ ካየው ሰው ጋር ነው። ፓራማታ ግን ከ1986 በኋላ እስከ 2025 ድረስ ያን ዋንጫ አላነሳም።